ጎጃም 1960፦ «አንለካም» ያሉት ገበሬዎች ወገናቸው ማን ነው?

ደጀን ማዶ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ።

ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች ቀን፣ በመጣ ቁጥር ስለ ቺካጎ እናወራለን። ማውራትም አለብን። ቀኑን የሰጡን እ.ኤ.አ. በ1886 «በቀን 8 ሰዓት እንሥራ» ብለው የወጡት ሠራተኞች ናቸው። ሄይማርኬት በሚባለው የቺካጎ አደባባይ ላይ ቦምብ ፈነዳ። ማን እንደወረወረው ሳይታወቅ 8 አናርኪስቶች ተከሰሱ። አራቱ ተሰቀሉ፣ አንዱ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። በ1893 የግዛቱ ገዥ ችሎቱ የተዛባ ነበር ብሎ የቀሩትን ሦስቱን ለቀቃቸው። እነዚህ ሰዎች ያሉት ቀላል ነው፦ ሠርቶ አዳሪ ያለ ጌታና ያለ አለቃ ተስማምቶ መኖር ይችላል።

የባሕር ማዶውን እንዲህ እየዘከርን ደጃፋችን ላይ የሆነውን ግን አናነሳም። ስለ 1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አመጽ ማለቴ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በኅዳር 1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አስራት ቀርቶ ገበሬው በምርቱ ልክ ይክፈል ተባለ። ወረቀቱን ላየው ሰው ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይከፍላል። ገበሬው የታየው ግን ሌላ ነው። ዛሬ ሰብሉን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል። መሬቱን የለካ ርስቱን ይወስዳል። ደቡብ ውስጥ ቃላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ተጥሎ መሬቱ በጋሻ ሲሸነሸን ባለመሬት የነበረው ሰው ጢሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ይህን የጎጃም ሰው አሳምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ላይ ገማች አይገባም አለ። ጦር ተላከበት። አውሮፕላንም ደበደበው። መጨረሻ ላይ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ።

የዚያን ጊዜ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ይህን አመጽ በጥርጣሬ ነበር ያዩት። እስከ ዛሬም «ለውጥ የጠሉ ባላባቶች ያስነሡት ሁከት» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። የጎጃም ገበሬ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በቦሊቪያ መሬቱንና ውሃውን አላስለካም ካለው ነባር ሕዝብ ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ነው። እናንተስ?

የሞጣ ሰው

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ይህን ጉዳይ የሚያነሳ ጠፍቶ ነበር።

አባቴ የዚያን ጊዜ ጎረምሳ ነው። እንደሚያወራልን ገማቹ ክምሩ ፊት ይቆማል። አይወቃ፣ አይሰፈር። በዓይኑ ብቻ አይቶ «ይሄ ይሄን ያህል ጫን ይወጣዋል» ይላል፣ ይጻፋል። ገበሬው «ጌታዬ፣ ከዚህ ላይ ዘር አለ፣ ብድር አለ፣ የተዝካር አለ» ቢል ሰሚ የለም። የተጻፈ ተጻፈ ነው። አባቴን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው የብሩ ብዛት አይደለም። የላቡን ዋጋ በሬ ጠምዶ የማያውቅ ሰው በዓይኑ መገመቱ ነው።

ከዚያ በፊትም ሕዝቡ ሆድ ብሶት ነበር። መሣሪያ ይመዝገብ፣ ለምዝገባም ይከፈል ተብሏል። ያ ጠመንጃ ደግሞ ጣሊያንን የተዋጋበት ነው። በላይ ዘለቀ 5 ዓመት ጫካ ለጫካ ጣሊያንን ሲያርበደብድ ኖሮ በ1937 በገዛ መንግሥቱ የተሰቀለ የዚሁ አገር ሰው ነው። የቢቸና ሰው ይህን ረስቶ «መንግሥት ያውቅልናል» ሊል አይችልም።

ስብሰባው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር፣ ከቅዳሴ በኋላ። እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ጎበዝ አለቃ ይመርጣል። ያ ሰው ካበላሸ ሌላ ይተካል። ከላይ ሆኖ ሁሉንም የሚያዝ አንድ ሰው አልነበረም። ለመንግሥት ያስቸገረውም ይሄው ነው። ማንን ይዞ ያስታርቅ? ማንን ሾሞ ያባብል?

አበራ ከማርቆስ

ሁለታችሁንም አከብራለሁ። ግን አንዳንድ ነገር ሳንደባብቅ እንነጋገር።

አንደኛ፣ የአመጹ ሰዎች ጃንሆይን አልነኩም። «ንጉሡ አያውቁም፣ ያጠፋው አገረ ገዥው ነው» ነበር የሚሉት። ሥርዓቱን እንገርስስ አላሉም። አቤቱታቸውን ያቀረቡትም ለራሳቸው ለንጉሡ ነው። እና ይህን አናርኪዝም ማለት እንዴት ይሆናል?

ሁለተኛ፣ ከፊት ከቆሙት ውስጥ ባላባቶችና የቀድሞ ሹሞች ነበሩ። እነሱ የሚከላከሉት ያራሹን ማሳ ብቻ አይደለም፣ የራሳቸውን ጉልት (ከገበሬው ግብር የመሰብሰብ መብት) እና ሹመትም ነው። ድሃውም ባላባቱም አንድ ላይ «ርስቴ» ሲሉ ቃሉ አንድ ነው፣ ጥቅሙ ግን ለየቅል ነው።

ሦስተኛ፣ በየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ደቡብ በደስታ ሲወጣ እዚህ ብዙ ቦታ ፊቱን አዞረ። ያራሹን ነጻነት የሚፈልግ ሕዝብ ከሆነ ለምን?

ልቤ ከገበሬው ጋር ነው። ታሪኩ ግን የምንመኘውን መልክ እንዲይዝልን አናስገድደው።

ደጀን ማዶ

አበራ፣ ጥያቄዎችህ ጥሩ ናቸው። ሦስተኛውን ብቻ አሁን ልመልስ። የጎጃም ገበሬ በ1967 ፊቱን ያዞረው መሬቱን ቀድሞም ይዞት ስለነበር ነው። ለወላይታው ጢሰኛ አዋጁ ጌታውን አነሳለት። ለዳሞቱ ባለርስት ግን ባለመብቱን ከዘመድ ወደ ቀበሌ ቀየረበት። ያው አዋጅ ላንዱ ነጻ መውጫ፣ ለሌላው አዲስ ጌታ ሆነ። ሁለቱንም ሰዎች መረዳት እንችላለን።

ሰብለ

ጤና ይስጥልኝ። አበራ «ንጉሡን አልነኩም» ስላለው ነው የምጽፈው።

ሰው ለመቃወም መጀመሪያ ርዕዮተ ዓለም ማንበብ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1929 ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ ኦሎኮ በሚባል ቦታ የሆነውን እዩ። እንግሊዞች ባንድ ወቅት «ቆጠራ ብቻ ነው» ብለው ወንዱን ቆጠሩ፤ ቆይተው በቆጠራው ግብር ጫኑበት። ከዚያ አንድ ቆጣሪ ንዋንየሩዋ የምትባል ሴት ቤት ሄደ። «ፍየሎችሽን፣ በጎችሽንና ሰዎችሽን ቁጠሪ» አላት። ሴትዮዋ ዘይት እየጨመቀች ነበር። «ያንተ እናት ተቆጥራለች?» ብላ መለሰችለት። ተያያዙ። ከዚያ ወሬው በገበያ በገበያው ዞረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኢግቦና የኢቢቢዮ ሴቶች ወጡ። እንግሊዝ የሾማቸውን ሹማምንት ቤት ከበው እየዘፈኑ ያድሩ ጀመር። ወታደር ተኮሰባቸው፣ ከ50 በላይ ሴቶች ሞቱ። ሴቶቹ ግን አልተቆጠሩም። የሹመቱ አሠራርም ኋላ ተለወጠ።

እነዚህ ሴቶች «ካፒታሊዝም ይውደም» አላሉም። ቆጠራ የሚጨርሰው የት እንደሆነ ግን ከማንም ቀድመው አወቁት። የሞጣም ገበሬ እንደዚያው ነው።

የተጻፈ ሐሳብ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሜክሲኮን ተመልከቱ። ሪካርዶ ፍሎሬስ ማጎን አናርኪስት ነበር፤ የተወለደው ኦአካካ ነው፣ መሬት የመንደር የጋራ በሆነበት አገር። «መሬትና ነጻነት» የሚለውን መፈክር ያስፋፋው የእሱ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የሜክሲኮ አብዮት የገበሬ መሪ የነበረው ዛፓታ ደግሞ ገና አብዮቱ ሳይነሣ እ.ኤ.አ. በ1909 የመንደሩ አለቃ ሆኖ ተመረጠ። ሽማግሌዎቹ የመንደሩን የድሮ የመሬት ሰነዶች አስረከቡት። የስኳር እርሻ ባለቤቶች የመንደሩን መሬት እየቆረጡ ሲወስዱ ሕዝቡ ያንን ሰነድ ይዞ ነው የተነሣው። ርስቱን እስከ ምንጅላቱ ቆጥሮ የሚሟገት የጎጃም ሽማግሌ ይህን ታሪክ ቢሰማ አንድም ቦታ ላይ ማብራሪያ አይጠይቅም።

የዘንገና ልጅ

ሰላም። እኔ ከአዊ ነኝ። እስካሁን ያነበብኩት ደስ ብሎኛል፣ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ እሱን ሳይነኩ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

«ነባር ሕዝብ» እያልን የምናወራው ስለ ሜክሲኮ ማያና ስለ ናይጄሪያ ኢግቦ ነው። ጎጃም ውስጥስ? መተከል ቀድሞ የጎጃም አውራጃ ነበር። የመተከል ጉሙዝ ለዘመናት በባሪያ ፈንጋይ ሲታደን የኖረ ሕዝብ ነው። ያደነው ጣሊያን ወይም እንግሊዝ አይደለም። የጎጃም ገዥዎች ናቸው፣ የኛም የአገው ሹማምንት እጃቸው ነበረበት። ጉሙዝ ከደጋው እየሸሸ ወደ ቆላው የወረደው ቆላ ወዶ አይደለም።

ከዚያ 1977 መጣ። ከረሃቡ በኋላ ደርግ ከወሎና ከሌላም ቦታ ብዙ ሺህ ቤተሰብ አምጥቶ ፓዌ ላይ አሰፈረ። ገንዘቡ የጣሊያን መንግሥት ነበር፣ ጣና በለስ ፕሮጀክት። ጫካው በማሽን ተመነጠረ። ለመንግሥት ያ ጫካ «ጠፍ መሬት» ነው። ለጉሙዝ ግን አንዱን ቦታ አርሶ ሲደክም አሳርፎ ወደ ሌላው የሚዞርበት እርሻው ነው፤ ማር የሚቆርጥበት፣ የሚያድንበት፣ ሥራ ሥር የሚምስበት ነው። መጥቶ የሰፈረው የወሎ ሰውም አልተጠየቀም። ብዙው ተጭኖ መጣ። ሁለት የተበደሉ ሰዎች ባንድ መሬት ላይ ፊት ለፊት ተጋጠሙ፣ ያጋጠማቸው ግን አዲስ አበባ ነበር።

ርስት ስትሉም አስቡበት። ርስት ዘር ቆጥሮ ለሚደርስ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ብዙ ቦታ ርስት አልነበራቸውም። ማረሻውን የሠራው ሰው የሚታረስ መሬት የለውም፣ በላዩ ላይ ቡዳ ይባላል። የ1960ው አመጽ ለእነዚህ ሰዎች ምን አመጣ? የማን መሬት እንዳይለካ ነበር የተዋጉት? ይህን ስል አመጹን ለማጣጣል አይደለም። እኔም በዚያ አመጽ እኮራለሁ። ግን ሰልፉ ላይ ቦታ ያልተሰጣቸውን ሰዎች ስም ሳንጠራ ከዛፓታ ጎን እንቁም ማለት አይሆንልኝም።

ጣና ዳር

የዘንገና ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ። እኔ ከነገደ ወይጦ ነኝ፣ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ።

አያቶቻችን ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። በዚያ ሰበብ ብዙ ሰው አብሮን አይበላም ነበር። ቋንቋችን ጠፍቶ ዛሬ የምንናገረው አማርኛ ብቻ ነው። የቀረን ደንገልና ድንጋይ ነው፤ ከደንገሉ ታንኳ፣ ከድንጋዩ ወፍጮ።

ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ልንገር። ደንገሉን ውሃ ውስጥ ገብተህ ታጭዳለህ። ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለህ። ከዚያ እየጠቀለልክ፣ በጉልበትህ እየተጫንክ ታስረዋለህ። ብዙም አይቆይም፤ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከዚያ ሌላ ትሠራለህ። ስለዚህ ደንገሉ ሁልጊዜ ቅርብ መኖር አለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሐይቁ ዳር ለመዝናኛና ለሆቴል ሲሰጥ፣ ረግረጉ ሲደፈን ወይም ሲታረስ ደንገሉ አብሮ ያልቃል። መሬቱን የሰጠው ቢሮ «ማንም ያልያዘው» ይለዋል። እኛ ካርታ የለንማ። ጉዳያችንን ይዘን ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠየቀው ካርታ ነው።

ጉሙዝ ጫካው «ጠፍ» ተባለበት፣ ለእኛ ደግሞ ረግረጉ። አሜሪካ ውስጥ የስታንዲንግ ሮክ ነባር ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2016 የነዳጅ ቧንቧ በውሃችን ሥር አያልፍም ብለው ሲቆሙ በስልኬ እያየሁ እንባዬ መጣ። እንደኛ ውሃው ሲነካ ኑሮው የሚነካ ሕዝብ ሌላም ቦታ አለ።

እማዋይሽ

እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ደምበጫ አካባቢ። አንዳንዶቻችሁ ያለ አለቃ ስለ መሥራት ጽፋችኋል። በዚህ የምለው አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ የማየው ነገር ነውና።

«እኛ ደቦ አለን፣ የእነሱን ፍልስፍና አንፈልግም» የሚሉ አሉ። ደቦና ወንፈል ግን አንድ አይደሉም። ወንፈል ቀን በቀን ነው። አንተ ዛሬ ለእኔ ታጭዳለህ፣ እኔ ነገ ላንተ። ባለ ጥማድ ሁኑ፣ ባለ ግማሽ ጥማድ ሁኑ፣ ቀን ቀን ነው፣ ይመለሳል። ደቦ ግን ጠሪው ደግሶ ነው የሚጠራው። ጠላ የጠመቀ፣ ፍሪዳ የጣለ ሰው ብዙ ሰው ያገኛል። ድሃው ለሀብታሙ ደቦ ይሄዳል። ቀሪ ሆኖ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም፣ ነገ በሬ መዋስ አለበት። እሱ ደቦ ሲጠራ ግን የሚመጣለት ጥቂት ነው፣ ምን ያበላል? ለታመመ ወይም ለአሮጊት ማሳ ሕዝብ ሆ ብሎ ሲወጣም አይቻለሁ። ያ ያኮራል። ግን ሁለቱን አንደባልቅ። ወንፈል የእኩያሞች ነው። ደቦ የሀብታም ሰው ሲሆን ያለ ደመወዝ ማሠሪያም ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ስለ ሴቶቹ። ሠላሳ ወንድ ማሳ ላይ እየዘፈነ ሲያጭድ፣ ከቤት ጌሾ የወቀጠችው፣ ብቅል ያበቀለችው፣ ከሌሊት ጀምራ እንጀራ የጋገረችው ማን ናት? ማሳው ላይ የዋለው ወንድ ቀኑ ይቆጠርለታል፣ ይመለስለታል። የእሷ ቀን በማንም መዝገብ የለም። ጎረቤት ሴቶች መጥተው ያግዟታል፣ እሷም ታግዛቸዋለች፣ ግን ይህን ወንፈል ብሎ የሚጠራው የለም። «ያው የሴት ሥራ ነው» ይባላል።

በደቡብ ሜክሲኮ የቺያፓስ ሴቶች ይህን ቀድመው አስበውበታል። በዛፓታ ስም የተጠሩት የቺያፓስ አማፂዎች፣ ዛፓቲስታዎቹ፣ ከመነሣታቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ1993 የራሳቸውን የሴቶች ሕግ አወጡ። የምታገባውን ሴቷ ትምረጥ፣ ስንት እንደምትወልድ እሷ ትወስን፣ በአመራር ቦታ ትቀመጥ የሚል ነው። «መጀመሪያ ነጻ እንውጣ፣ የሴቶቹን ኋላ እናያለን» አልተባለም። እዚህም እንዲህ ካልተጀመረ እኔ ለማንኛውም ንቅናቄ ብቅል አላበቅልም።

ፈረቃ ለ

ሰላም፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ። እኔ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስሙ ይቅር። የመጣሁት ከገጠር ነው፣ ቤተሰቤ ገበሬ ነው።

የ8 ሰዓቱን ነገር ሳነብ ደም ሥሬ ተነካ። ሰዎች የሞቱለት 8 ሰዓት እኛ ዘንድ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ትዕዛዝ ሲበዛ «ዛሬ ትቆያላችሁ» ይባላል። የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይረሳል። ሽንት ቤት ስንት ጊዜ እንደሄድሽ ሱፐርቫይዘሯ ትጽፋለች። የሞጣው ሰውዬ ስለ ገማቹ ሲጽፍ ያሰብኩት እሷን ነው። እኛም በዓይን እየተለካን ነው፣ በደቂቃ።

ቤት ለአራት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ምግብ በተራ እንሠራለን፣ ዕቁብ አለን። አንዷ ስትታመም ሦስታችን እንሸፍናለን። እማዋይሽ ያለችው ወንፈል ማለት ይሄው ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ እየኖርን ፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ግን እያንዳንዳችን ለየብቻችን ነን። አንዷ ስትሰደብ ሌላው አቀርቅሮ ይሰፋል።

እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። እባካችሁ ንገሩኝ፦ እንዴት ነው የሚጀመረው? ዛፓታም ማጎንም ይቆየን። የዚህ አገር ሕግ ምን ይላል?

ደጀን ማዶ

እህቴ፣ ስለ ሕጉ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ጋሼ እዚህ አሉ፣ እንዲጽፉልሽ በውስጥ መስመር ነግሬያቸዋለሁ። እኔ ሁለት ነገር ብቻ።

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲቆም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አባቶቻችን ጫካ ገብተው የተዋጉበት፣ የተቃጠለው መንደር፣ የሞተው ሰው ካሣ ሆኖ መጥቶ የጎጃምን ልጅ መኪና ላይ አስቀመጠው። የቅኝ ግዛትን ነገር ከሠራተኛ ነገር ለይቶ ማውራት የማይቻለው ለዚህ ነው። የዘንገና ልጅ እንደጻፈው ፓዌም ላይ ያው የጣሊያን ገንዘብ በሌላ ስም ተመልሷል።

ሁለተኛው ለአበራና ለዘንገና ልጅ ነው። የቺያፓስ ማያዎች የተነሡት እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1994 ነው፤ የሰሜን አሜሪካ የነጻ ንግድ ስምምነት ሥራ የጀመረበት ዕለት። ከሁለት ዓመት በፊት የሜክሲኮ መንግሥት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 27 ቀይሮ የማይሸጠውን የጋራ መሬት ለገበያ ከፍቶት ነበር። ውጊያው ከሁለት ሳምንት ያነሰ ነው። ከዚያ ወዲህ ትልቁ ሥራቸው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና በየተራ የሚቀያየር አስተዳደር ማቋቋም ነው። መሪው ሕዝቡን እየታዘዘ ይመራል ይላሉ። ደግሞም አንድ ቋንቋ አልነበራቸውም። ጾጺል፣ ጸልታል፣ ቾል፣ ቶሆላባል ናቸው፣ በመካከላቸውም የቆየ ቅራኔ ነበር። ርስትም ሆነ ሌላ ነገር እንደነበረው ይመለስ አላሉም። ከባህላቸው የሚበድለውን እየለዩ ጣሉ። ጉሙዙ፣ ወይጦው፣ ሸክላ ሠሪዋ ያልገባችበት ርስት ከሆነ እኔም ይመለስ አልልም። ያ የ1960 ድፍረት ግን ያስፈልገናል።

አበራ ከማርቆስ

በዚህ ላይ እስማማለሁ። የምጨምረው፦ በኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ጥሩ ነው። ግን መሬቱ «የመንግሥትና የሕዝብ» ሲባል ሕዝቡ የት ተቀምጦ ይወስናል? ጣና ዳር የጻፈው ረግረግ ለሆቴል ሲሰጥ አልተሸጠም፣ በሊዝ ተሰጠ። ለተፈናቀለው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው? ቀጣዩ ክር ላይ ብንወያይበት ደስ ይለኛል።

ጡረተኛው

ልጄ ፈረቃ ለ፣ እንደምን አለሽ። ደጀን ነግሮኝ ነው የመጣሁት።

እኔ ወጣት ሆኜ አዲስ አበባ ስሠራ የካቲት 28 ቀን 1966 የተጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ውስጥ ነበርኩ። 4 ቀን ቆየ። እንዲህ ያለ ነገር በአገሪቱ ታይቶ አይታወቅም። ደመወዝ፣ ጡረታ፣ የመደራጀት መብት ነበር ጥያቄያችን፣ መንግሥት ተቀምጦ ተደራደረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደርግ በ1968 የሠራተኛ ማኅበራቱን ኮንፌዴሬሽን አፈረሰና የራሱን ማኅበር ከላይ አቋቋመ። ከዚያ የተማርኩት ይህን ነው፦ ከላይ የተሰጠሽ ማኅበር ከላይ ይወሰድብሻል። ከመኪናሽ አጠገብ ካለችው ልጅ ጋር የተማማልሽውን ግን ማንም በአዋጅ አያፈርሰውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሕጉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። 10 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። አሠሪውን ማስፈቀድ የለባችሁም። መተዳደሪያ ደንብ ታወጣላችሁ፣ ጠቅላላ ጉባኤ አድርጋችሁ መሪ ትመርጣላችሁ፣ ሠራተኛ ጉዳይ በሚመለከተው ቢሮ ታስመዘግባላችሁ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በሕግ በተዘረዘረ ምክንያት ነው የሚፈቀደው፣ ክፍያውም ግዴታ ነው፣ «ይረሳል» የሚባል ነገር የለም። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን በተመለከተ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ወለሉ ግን እስከ ዛሬ አልተወሰነም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ደጋግሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

አጀማመሩን በተመለከተ ምክሬን ስሚ። በስልክ ግሩፕ አትጀምሩ። አራታችሁ ቤት ውስጥ ጀምሩ። እያንዳንዳችሁ የምታምኗትን አንዲት ልጅ አምጡ። መጀመሪያ ትልቁን የደመወዝ ጥያቄ አታንሱ። ሁሉንም የሚያንገበግብ አንድ ትንሽ ነገር ምረጡ፣ ለምሳሌ ያንን የሽንት ቤት መዝገብ። እሱ ላይ አብራችሁ ቁሙ። ካሸነፋችሁ ሌሎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

ፈረቃ ለ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አንድ ብቻ ልጠይቅ። ጓደኞቼ የሚፈሩት መባረርን ነው። ማኅበር ልታቋቁሚ ነበር ተብላ ከተባረረች ምን ይደረጋል?

ጡረተኛው

በአዋጁ መሠረት የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን ወይም በሕጋዊ እንቅስቃሴው መሳተፍ ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን አይችልም። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ መጠየቅ ይችላል። ግን ጊዜው አጭር ነው። የመመለስ ክሱ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ማንኛውም ማስጠንቀቂያ ሲሰጣችሁ በጽሑፍ ይሁን በሉ፤ ቀኑን፣ የተናገረውን ሰውና የተባለውን ነገር ደብተር ላይ ያዙ። ሁለት ምስክር ይኑራችሁ። ደብተሩ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ አይቀመጥ።